ከደን ድርጅት ችግኝ በልገሳ ለመውሰድ፦ ከደብዳቤው እስከ ጽድቀት ቆጠራው

ችግኝ መለመን ቀላል ነው። ጎጃም ውስጥ ችግኝ የሚያፈላ ሞልቷል፤ የደን ድርጅቱ አለ፣ የመንግሥት ችግኝ ጣቢያው አለ፣ መንገድ ዳር አፍልተው የሚሸጡ ወጣቶችም አሉ። ክረምት ሲቃረብ ትርፍ ያለው ራሱ "ኑ ውሰዱ" ይላል። ት/ቤትም ሆነ ቤተ ክርስቲያን፣ መስጊድም ሆነ ጤና ጣቢያ፣ ማህተም ያለው ደብዳቤ ይዞ የሄደ ብዙ ጊዜ ባዶ እጁን አይመለስም።

ጣጣው የሚመጣው ከዚያ በኋላ ነው። አይሱዙ ሙሉ ችግኝ ግቢ ውስጥ ይራገፋል። ጉድጓድ የለም፣ አጥር የለም፣ ጠባቂ የለም። ፎቶ ይነሳል፣ ባነር ይጠቀለላል፣ በጥር ሄዳችሁ ብታዩ የደረቀ ጭራሮና የበግ ኮቴ ነው የሚጠብቃችሁ። ስለዚህ ለኮሚቴ አባላት፣ ለርዕሰ መምህራን፣ ለደብር አስተዳዳሪዎችና ለእድር ዳኞች የምለው አንድ ነገር ነው፦ ትንሽ ጠይቁ፣ የሚሆናችሁን ጠይቁ፣ መኪናው ከመምጣቱ በፊት ሥራውን ጨርሱ። ከዚህ በታች ያለው ይኸው ሲዘረዘር ነው።

መጀመሪያ ሜትር ያዙ

ደብዳቤ ከመጻፋችሁ በፊት ቦታውን ለኩ። "ሰፊ ቦታ አለን" የሚባል ልኬት የለም። 50 በ50 ሜትር የሆነ ቦታ 2,500 ካሬ ሜትር ነው፣ ሩብ ሄክታር፣ በእኛ አገር አነጋገር አንድ ቃዳ። እዚህ ላይ ችግኝ በ2.5 ሜትር ርቀት ከተከላችሁ 400 ይይዛል። እንደ ዋንዛ ያለ ጥላው የሚሰፋ ዛፍ በ5 ሜትር ርቀት ከሆነ ደግሞ 100 ብቻ። የአጥሩ ዙሪያ 200 ሜትር ነው፤ በየሁለት ሜትሩ ግራቪሊያ ብትደረድሩ 100 በቂ ነው። አያችሁ፣ 5,000 ችግኝ ስጡን ብሎ የሚጽፍ ት/ቤት አብዛኛውን የሚጥልበት ቦታ እንኳ የለውም።

ሌላው የይዞታ ነገር ነው። ማረጋገጫ ደብተር ወይም ካርታ ካላችሁ ኮፒ አድርጉ፣ ለጋሹ ሊጠይቃችሁ ይችላል። ከጎረቤት ጋር የወሰን ክርክር ያለበትን ጥግ ግን ለጊዜው አትንኩት። በኛ አገር ዛፍ መትከል ማለት "መሬቱ የኔ ነው" ማለት ነው፣ ሁሉም ያውቀዋል፣ በወሰን ላይ በተተከለ ባህር ዛፍ ስንት ሰው ፍርድ ቤት ተመላልሷል። ተቋም ሆናችሁ እዚያ ውስጥ ከገባችሁ ችግኙ በሌሊት ይነቀላል፣ ማን ነቀለው ብትሉ የሚመሰክር አታገኙም።

ምን ዓይነት ዛፍ?

እዚህ ላይ ጊዜ ውሰዱ። ለጋሹ ያለውን ይሰጣል፣ ያለው ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ ቶሎ የሚደርሰው ነው፦ ባህር ዛፍ፣ የፈረንጅ ጥድ፣ ግራቪሊያ፣ ወደ አዊ ሲሆን ዲከረንስ የሚባለው የግራር ዘመድ የሆነ የውጭ ዛፍ። መጥፎ ናቸው እያልኩ አይደለም። ግን ለምን እንደፈለጋችሁት ካላወቃችሁ የሰው ምርጫ ተክላችሁ ትቀራላችሁ።

ከፍታችሁን እወቁ። ጎጃም ከዓባይ በረሃ ተነስቶ ጮቄ ላይ ከ4,000 ሜትር በላይ የሚወጣ አገር ነው፤ ደጀን ቁልቁለት ላይ የሚበቅለው ጮቄ ጫፍ ላይ አይበቅልም፣ ጮቄ ላይ የለመደውም ቆላ ወርዶ አይኖርም። ባህር ዳር 1,800 ሜትር ገደማ ላይ ናት፣ ደብረ ማርቆስ 2,400 አካባቢ፣ እንጅባራ ከዚያም ትበልጣለች። ስልካችሁ ላይ ከፍታ የሚያሳይ መተግበሪያ አለ፣ ካልሆነ የቀበሌያችሁን የግብርና ባለሙያ ጠይቁት፣ ሥራው ነው።

ደጋ ከሆናችሁ ኮሶ፣ የሐበሻ ጥድ፣ ወይራ። ወይና ደጋ ከሆናችሁ ዋንዛ፣ ብሳና፣ ግራቪሊያ፣ ለፍሬ ደግሞ አቮካዶ። ቆላ ከሆናችሁ ግራር፣ ማንጎ፣ ኒም። ውርጭ የሚመታው ሜዳ ላይ አቮካዶ አትሞክሩ፤ ኅዳርና ታኅሣሥ ላይ አንድ ሌሊት ይበቃዋል። አቮካዶ የሚሰጣችሁ ካለ የተከተበ፣ ማለትም ከሚያፈራ ዛፍ ቅርንጫፍ ተወስዶ የተጣበቀበት መሆኑን ጠይቁ። የተከተበው በሦስት በአራት ዓመት ማፍራት ይጀምራል፣ ከፍሬው በቀጥታ የበቀለው ግን ልጆቹ ስምንተኛ ክፍል ጨርሰው እስኪሄዱ ላያፈራ ይችላል።

አፈሩንም እዩ። ዋልካ ከሆነ ክረምት ውሃ ይተኛበታል፣ ችግኙ ሥሩ ታፍኖ ቢጫ ይሆናል። ሳስባንያ የሚባለው የመኖ ዛፍ ውሃ ይችላል። ሌላውን መትከል ካለባችሁ ጉድጓድ ውስጥ ሳይሆን አፈር ቆልላችሁ ከፍ ባለው ላይ ትከሉ። ሰከላና አዊ አካባቢ ያለው ቀይ አፈር ደግሞ አሲዳማ ነው፤ ዲከረንስ እዚያ የተስፋፋው ሰብል እምቢ ያለውን መሬት ስለሚችል ነው። አዊ ውስጥ ባለችው ፋግታ ለኮማ ወረዳ ገበሬው ለከሰል እየቆረጠ ጥሩ ገቢ አግኝቶበታል፣ ሐቅ ነው። ግን በቅርብ ዓመታት በሽታ ገብቶበት ብዙ ማሳ ተጎድቷል፣ አንድ ዓይነት ዛፍ ብቻ ተክሎ መቀመጥ ምን እንደሚያመጣ እዚያ ሄዶ ማየት ነው። ድርጅቱ ዲከረንስ ብቻ ነው ያለኝ ካለ ትንሽ ውሰዱና ሌላውን ከሌላ ቦታ ፈልጉ።

ባህር ዛፍን በተመለከተ ት/ቤቶች የሚሉት ይገባኛል። አጣና ተሽጦ ጠመኔ ይገዛል፣ ጣሪያ ይጠገናል። ተክሉት፣ ግን ከምንጭ፣ ከጉድጓድ ውሃና ከጎረቤት ማሳ አርቃችሁ፣ ለብቻው። ቤተ ክርስቲያን ቅጥር ውስጥ ግን ለኔ ቦታ የለውም። በየደብሩ ዙሪያ የቀሩት ወይራ፣ ጥድ፣ ዝግባና ዶቅማ በሌላ ቦታ የጠፉ ዛፎች ናቸው፤ ለጋሽ ተገኘ ተብሎ በመካከላቸው ባህር ዛፍ መሰግሰግ ያስተዛዝባል። እዚያ የሚሻለው በጫካው ዳር ዳር አገር በቀሉን መጨመር ነው።

መቼና እንዴት ይጠየቃል

ሰው ሁሉ የሚጠይቀው ሰኔ ላይ ነው። ሰኔ ላይ የሚገኘው የተረፈው ነው። ባህር ዛፍ በአራት በአምስት ወር ለተከላ ይደርሳል፣ ጥድና ወይራ ግን ከዚያ ረዘም ላለ ጊዜ ችግኝ ጣቢያው መደብ ላይ ይቆያሉ። ስለዚህ አገር በቀል የምትፈልጉ ከሆነ ለሚቀጥለው ክረምት የሚሆነውን ጥያቄ ጥቅምት ወይም ኅዳር ላይ አስገቡ፣ ዘሩ ከመዘራቱ በፊት ማለት ነው። ድርጅቱ ፈላጊ እንዳለው ካወቀ ያፈላላችኋል። ይህን የሚያደርግ ተቋም ጥቂት ስለሆነ ብቻ ቅድሚያ ታገኛላችሁ።

ደብዳቤው አንድ ገጽ ይበቃል። "አረንጓዴ ልማትን ለማሳካት በሚደረገው ርብርብ" እያላችሁ ግማሽ ገጽ አታባክኑ፣ የሚያነበው ሰው እሱን በቀን አሥር ጊዜ ያነባል። እንዲህ ብትሉ ይበቃል፦

"ጉዳዩ፦ ችግኝ በልገሳ እንዲሰጠን ስለመጠየቅ። ት/ቤታችን በ… ወረዳ በ… ቀበሌ፣ በ2,100 ሜትር ከፍታ ላይ ይገኛል። ለተከላ የተዘጋጀው ቦታ 2,500 ካሬ ሜትር ሲሆን አፈሩ ቀይ ነው፣ ዙሪያው ታጥሯል፣ በበጋ ውሃ የምናገኘው ከግቢው ቦኖ ነው። የምንፈልገው 100 ግራቪሊያ፣ 60 ዋንዛና 20 የተከተበ አቮካዶ ሲሆን ለመተኪያ ከያንዳንዱ አሥር በመቶ ቢጨመርልን እንወዳለን። ጉድጓዱን እስከ ግንቦት 30 ቆፍረን እንጨርሳለን። ማጓጓዣውን እኛ እንችላለን። የተከላ ኮሚቴው ሰብሳቢና የጥበቃ ሠራተኛው ስምና ስልክ ከዚህ ጋር ተያይዟል።"

በቃ። ማህተም፣ ፊርማ፣ ግልባጭ ለቀበሌው። "ማጓጓዣውን እኛ እንችላለን" የምትለዋን ዐረፍተ ነገር ከቻላችሁ አትተዉት፤ ለጋሹን የሚከብደው ችግኙ ሳይሆን ነዳጁ ነው። ከወላጆች ውስጥ አይሱዙ ያለው አይጠፋም። ጥቂት ከሆነ ደግሞ ጋሪም ባጃጅም ያመጣዋል። ደብዳቤውን ጸሐፊዋ ጋ ጥላችሁ አትሂዱ፤ የችግኝ ጣቢያውን ኃላፊ በአካል አግኙት፣ የትኛው ችግኝ ጠንካራ እንደሆነ የሚያውቀው እሱ ነው።

የመንግሥት ተቋም ከሆናችሁ ልገሳውም ንብረት ነው። በሞዴል 19፣ በንብረት ገቢ ደረሰኙ፣ ገቢ ይደረግ። ቤተ ክርስቲያንና እድር ደግሞ ቢያንስ በቃለ ጉባኤ ይያዝ፣ ስንት እንደገባ፣ ማን እንደተረከበ። በኋላ "ችግኙን ለየቤታቸው ወሰዱት" የሚል ወሬ ሲመጣ የሚያድናችሁ ይቺ ወረቀት ናት፤ ወሬውም መምጣቱ አይቀርም፣ በተለይ አቮካዶ ካለበት።

ጉድጓዱ ይቅደም

ግንቦት ላይ ቆፍሩ። ለደን ዛፍ 40 ሴንቲ ሜትር ስፋት፣ 40 ጥልቀት። ለፍራፍሬ 60 በ60። ስትቆፍሩ የላዩን ጥቁር አፈር በአንድ በኩል፣ የታቹን በሌላ በኩል ክመሩ፤ ስትሞሉ የላዩ ወደ ታች፣ ወደ ሥሩ ይገባል። ብስባሽ ካለ ከሱ ጋር ይቀላቀል። ተዳፋት ላይ ከሆናችሁ ከጉድጓዱ በታች በኩል አፈርና ድንጋይ በግማሽ ጨረቃ ቅርጽ አድርጉለት፣ ጎርፉን ይይዛል።

አጥሩም በዚሁ ወር ይለቅ። የእሾህ አጥር ርካሽ ነው ግን ለአንድ ዓመት ነው፤ ቅንጭብ ወይም ቁልቋል የሚበቅልበት አገር ከሆነ አብራችሁ ትከሉት፣ እያደገ ይተካዋል። ግቢው ጨርሶ መታጠር ካልቻለ ለእያንዳንዱ ችግኝ ከቀርከሃ ቅርጫት መሥራት ይቻላል፣ አዊ ውስጥ ቀርከሃ አይጠፋም። እርግጥ ለመቶ ችግኝ ያዋጣል፣ ለሺህ ግን አይታሰብም።

ጉድጓዱን ማን ይቆፍረዋል? ወላጆች በደቦ ከመጡ ጥሩ። ሕፃናትን ግን ዶማ አስይዛችሁ ደረቅ መሬት አታስቆፍሩ።

ርክክብና ጉዞ

ችግኝ ጣቢያው ድረስ ራሳችሁ ሂዱ። መደቡ ላይ ጎንበስ ብላችሁ አንድ ችግኝ ከነላስቲኩ አንሱ። ሥሩ ላስቲኩን ቀድዶ መሬት ውስጥ ገብቶ "እምቢ" የሚላችሁ ከሆነ ሥር ቆረጣ አልተደረገለትም፣ ስትነቅሉት የዋናውን ሥር ግማሽ እዚያው ትተዋላችሁ። ግንዱን በሁለት ጣት ያዙት፣ እርሳስ ያህል ቢወፍር ይመረጣል። ከፍታው ከአንድ ስንዝር ተኩል እስከ ሁለት ስንዝር ከሆነ ጥሩ ነው። ረጅሙን አትምረጡ። ሁሉም ሰው ረጅሙን ይመርጣል፣ ረጅምና ቀጭን ማለት ግን ጥላ ውስጥ ተጨናንቆ ያደገ ማለት ነው፣ ሜዳ ላይ ሲወጣ ንፋስ ያጎብጠዋል። ቅጠሉ ለስላሳና ልምልም ብሎ ያማረው ሳይሆን ጠንከር ብሎ ፀሐይ የለመደው ይሻላል።

ከመጫኑ በፊት በነበረው ማታ ውሃ ይጠጣ። ሲጫን ላስቲኩን ከሥር ደግፎ ነው እንጂ ግንዱን አንጠልጥሎ አይደለም፤ ግንዱ ሲጎተት ውስጥ ያለው አፈር ይፈርሳል፣ ጸጉር የመሰሉት ሥሮች ይበጠሳሉ፣ ከላይ ሲያዩት ግን ምንም የሆነ አይመስልም። ቆሞ ይደርደር፣ አንዱ ባንዱ ላይ አይከመር። መኪናው ክፍት ከሆነ ሸራ ይልበስ፣ የመንገድ ንፋስ ቅጠሉን ያደርቀዋል። መንገድ የሚዘጋበት ጊዜ ስላለ ችግኙ እዚያው ጣቢያው ላይ ይቆይላችሁ፤ ዝናቡም መንገዱም ሲስተካከል አምጡት። ግቢያችሁ ከገባ በኋላ ጥላ ሥር አቁሙት፣ ውሃ አጠጡት፣ በሁለት ሦስት ቀን ውስጥ ይተከል።

የተከላው ቀን

ዝናቡ እስኪገባ ጠብቁ። አፈሩን በእጃችሁ ጫር አድርጉ፣ እስከ ስንዝር ድረስ ከረጠበ ደርሷል። በአብዛኛው የጎጃም ደጋና ወይና ደጋ ከሰኔ አጋማሽ እስከ ሐምሌ መጨረሻ ጥሩ ነው። ነሐሴን እያለፈ ሲሄድ ችግኙ ሥር ሳይሰድ ዝናቡ ይቋረጥበታል።

አሁን የቀን ምርጫ። ሐምሌ ላይ ገበሬው ጤፍ ይዘራል፣ በቆሎ ይኮተኩታል፣ ጊዜ የለውም። የማያርስበት ቀን ደግሞ የበዓል ቀን ነው፦ ሐምሌ 5 ጴጥሮስ ወጳውሎስ፣ ሐምሌ 7 ሥላሴ፣ ሐምሌ 19 ገብርኤል። በአንዳንድ አጥቢያ ችግኝ መትከል የበጎ ሥራ ነው ተብሎ ይፈቀዳል፣ በአንዳንዱ ግን መሬት መንካት አይታሰብም። ቄሱንና ሽማግሌዎቹን ሳትጠይቁ ቀን አትቁረጡ። ጉድጓዱ ግንቦት ላይ ካለቀ ተከላው የአንድ ጠዋት ሥራ ስለሆነ ለማግባባትም ይቀላል።

አንድ ሐሜት ልጨምር። ባለሥልጣን ይመጣል ተብሎ ተከላው ከሳምንት ሳምንት ሲገፋ አይቻለሁ፤ ችግኙ ጥላ ሥር ቢጫ እየሆነ፣ ሰው ደግሞ ሰልፍ እየተለማመደ። ከ2011 ወዲህ፣ በአንድ ቀን ከ350 ሚሊዮን በላይ ችግኝ ተተከለ ከተባለበት ከሐምሌ 22 ጀምሮ፣ የተከላ ቀን ሁሉ እንደ ሠርግ ሆኗል። እንግዳው የሚተክላቸው አሥር ችግኞች ለብቻ ይቀመጡ። የቀረውን ዝናቡ ሲመጣ ትከሉት።

አተካከሉ ይህ ነው። ላስቲኩን በምላጭ ከላይ እስከ ታች ሰንጥቁ፤ ከታች በኩል የተጠማዘዘ ሥር ካለ አንድ ሴንቲ ሜትር ያህል ቆርጣችሁ ጣሉ። ላስቲኩ ሙሉ በሙሉ ይውለቅ። ይህን የምደጋግመው ከነላስቲኩ የተቀበረ ችግኝ ብዙ ስላለ ነው፤ ሲቸኩሉ በተለይ፣ ሦስት መቶ ሰው ባንዴ ሲተክል ማን ማንን ያያል? መድኃኒቱ ቀላል ነው፦ ላስቲኩን ቆጥሮ የሚረከብ አንድ ሰው ሹሙ። መቶ ችግኝ ከወጣ መቶ ላስቲክ ይመለስ። ግቢውም አይቆሽሽም።

ከዚያ ችግኙ ቀጥ ብሎ ይቁም፣ ላስቲኩ ውስጥ የነበረው አፈር ጫፍ ከመሬቱ ጋር እኩል ይሁን። ጠልቆ ከተቀበረ ግንዱ ይበሰብሳል፣ ከፍ ካለ ሥሩ ይጋለጣል። አፈሩን መልሱ፣ በተረከዝ ቀስ ብላችሁ ዙሪያውን ጠቅጥቁ። ቅጠሉን በሁለት ጣት ይዛችሁ ሳብ ስታደርጉት ካልወጣ ተተክሏል ማለት ነው።

ከመስከረም በኋላ

ት/ቤቶች ሁልጊዜ "ተከላው የሚደርሰው ተማሪ ሲዘጋ ነው" ብለው ያማርራሉ። ነገሩን ገልብጣችሁ እዩት። ክረምት ላይ ውሃውን የሚያጠጣው ሰማዩ ነው። ችግኝ ሰው የሚፈልገው ከጥቅምት እስከ ግንቦት ነው፣ ያኔ ደግሞ ተማሪው ግቢ ውስጥ ነው። ሐምሌ ላይ ወላጆችና መምህራን ይትከሉ፣ መስከረም ላይ ሲከፈት እያንዳንዱ ችግኝ ለአንድ ተማሪ ወይም ለአንድ ዴስክ ተከፍሎ ይሰጥ። ስሙ በቆርቆሮ ላይ ይጻፍ። ልጅ የራሱ የሆነውን ነገር ፍየል ሲበላበት ዝም አይልም።

መስከረምና ጥቅምት ላይ ዙሪያውን አርሙ፣ ኮትኩቱ። ሣር የዋጠው ችግኝ ይቀጭጫል፣ ሣር አጫጁም ሳያየው በማጭድ ይቆርጠዋል። ዝናቡ ሲያበቃ በደረቅ ሣር ወይም በገለባ ጉዝጓዝ አድርጉለት፣ ምስጥ ያለበት አገር ከሆነ ግን ጉዝጓዙ ግንዱን አይንካ። ውሃ ጥቂት ከሆነ ባለ ሁለት ሊትር ሃይላንድ ክዳኑን በመርፌ ብሱት፣ ቂጡን ቁረጡ፣ ክዳኑን ወደ ታች አድርጋችሁ ከሥሩ አጠገብ ቅበሩት። በሳምንት አንዴ ሁለቴ መሙላት ነው፣ ጠብ ጠብ እያለ ወደ ሥሩ ይወርዳል።

ከሁሉ የሚከፋው ጊዜ ታኅሣሥና ጥር ነው። አዝመራው ተሰብስቦ ከብቱ ወደ ቃርሚያው ይለቀቃል፣ ሜዳ ላይ አረንጓዴ ሆኖ የቀረው የናንተ ችግኝ ብቻ ነው። የጥበቃ ሠራተኛው ደመወዝ ወይም አበል ከየት እንደሚመጣ ያኔ ሳይሆን ግንቦት ላይ ይወሰን። እድር ከሆናችሁ ከአባል መዋጮ፣ ቤተ ክርስቲያን ከሆነ ከሰንበቴው፣ ት/ቤት ከሆነ ከወላጅ ኮሚቴው። ግቢው ውስጥ የሚበቅለውን ሣር አጭዶ እንዲወስድ መፍቀድም ደመወዝ ነው፤ ሣር ውድ በሆነበት ዓመት እንደውም ጥበቃ ለመሆን ሰው ይሻማል።

የጽድቀት ቆጠራውን፣ ማለትም ስንቱ ችግኝ በሕይወት እንዳለ መቁጠሩን፣ ሁለት ጊዜ አድርጉ፤ ጥቅምት ላይ አንዴ፣ በጋው አልፎ ሰኔ ሲገባ አንዴ። በየዓይነቱ ቁጠሩ። 60 ዋንዛ ተተክሎ 42 ካለ የጽድቀት መጠኑ 70 በመቶ ነው። የሞተው ለምን እንደሞተ ከጎኑ ጻፉ፦ ከብት፣ ውርጭ፣ ውሃ፣ ምስጥ። ቁጥሩ ባያምርም ለለጋሹ እንዳለ ላኩት፣ ከሁለት ፎቶ ጋር፣ አንዱ የተከላ ዕለት የተነሳ፣ አንዱ የአሁኑ፣ ከአንድ ቦታ ላይ ቆሞ። ብዙ ተቀባይ ችግኙን ከወሰደ በኋላ ድምፁ ስለሚጠፋ እንዲህ ያለ ወረቀት የሚልክ ተቋም ይታወሳል። ከዚያው ጋር የመተኪያ ጥያቄውን አያይዙ፦ ለሞቱት 18 ዋንዛዎች ምትክ 18፣ ውርጭ በመታው ጥግ ደግሞ በአቮካዶው ፋንታ ወይራ።